ፒየት ሞንድሪያን፦ በሰባ ዓመቱ እንደገና የጀመረ ሠዓሊ

በዚህ የታላላቅ ሰዎች ሕይወት ዓምዳችን ስለ ሳይንቲስቶችና ስለ ደራስያን ስናቀርብላችሁ ቆይተናል። ዛሬ ተራው የሠዓሊ ነው። የመረጥነው ሠዓሊ ፒየት ሞንድሪያን ይባላል። ስሙን የማያውቅ ቢኖር እንኳ ሥራውን አንድ ቦታ ሳያየው አይቀርም፤ ነጭ መደብ፣ በላዩ ጥቁር ቀጥ ያሉ መስመሮች፣ እዚህም እዚያም ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ አራት ማዕዘን። በቀሚስ ላይ፣ በቦርሳ ላይ፣ በደብተር ሽፋን ላይ ሳይቀር ይታተማል።

የሥዕል መምህራችን የዚህን ሰው ሥራ ቅጂ ክፍል ውስጥ የሰቀሉ ዕለት ግማሾቻችን ሳቅን። ይሄማ በማስመሪያ የተሠመረ ነው፣ አንደኛ ክፍል ያለ ልጅም ይሠራዋል ብለን ነበር። መምህሩ አልተቆጡም። ማኒላ ወረቀትና መቀስ ሰጡንና እስቲ ሥሩት አሉን። አራት ሆነን አንድ ሙሉ ከሰዓት ሞከርን። ቀዩን ወደ ግራ ስንወስደው ሥዕሉ ወደ ግራ የሚወድቅ ይመስላል፣ ቢጫውን ስናሰፋው ሰማያዊው ይጠፋል፣ መስመሩን ጣት ያህል ብናንቀሳቅሰው ሁሉም ነገር ይበላሻል። ሲመሽ ትተነው ወጣን። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሳሳን ይኸው ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሞንድሪያን በ1872 ዓ.ም. መጋቢት 7 ቀን በሆላንድ አገር አመርስፎርት በተባለች ከተማ ተወለደ። አባቱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነበር። በ1880 ቤተሰቡ ወደ ዊንተርስዋይክ ሲዛወር አባትየው እዚያም ትምህርት ቤት ይመራ ነበር። ልጁን ሥዕል ያስጀመሩት አባቱና ሠዓሊ የነበረው አጎቱ ፍሪትስ ናቸው። ታዲያ ለእኛ ለዕጩ መምህራን ደስ የሚያሰኘው ነገር ይህ ነው፤ ሞንድሪያን በመጀመሪያ የያዘው የምስክር ወረቀት የመምህርነት ነበር። በ1889 በአንደኛ ደረጃ፣ በ1892 ደግሞ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥዕል ለማስተማር የሚያስችለውን ፈተና አለፈ። ማለትም በ17 ዓመቱ ከእኛ ቀድሞ ዲፕሎማውን ይዟል! ነገር ግን ልቡ ወደ ሥዕሉ አዘነበለና በዚያው በ1892 አምስተርዳም ከሚገኘው የሥነ ጥበብ አካዳሚ ገባ።

ስለ ወጣትነቱና ስለ ጎልማሳነቱ ብዙ ማለት ይቻላል፤ እኛ ግን ቶሎ እናልፈዋለን፣ ምክንያቱም ልንደርስ የምንፈልገው ወደ እርጅናው ነው። በአጭሩ፣ ሰውየው እስከ ሠላሳዎቹ መጨረሻ ድረስ የሚሥለው እንደማንኛውም የአገሩ ሠዓሊ ወንዝ፣ የእህል ወፍጮ፣ ዛፍና የገበሬ ቤት ነበር። መሥመር ብቻ የሚያውቅ ሰው አልነበረም ለማለት ነው፤ አበባ ሲሥል እጅ በእጅ የሚቀጠፍ ይመስላል። በ1911 የፒካሶንና የብራክን ሥራዎች አምስተርዳም ውስጥ ባየ ጊዜ ግን ዕረፍት አጣ። ጓዙን ጠቅልሎ ፓሪስ ገባ። የቤተሰቡ ስም ሞንድሪያአን ተብሎ በሁለት «አ» ይጻፍ የነበረውን አንዱን «አ» ጣለው። ከዚያ ወዲያ የሚሥለው ዛፍ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ እየተበተነ ሄዶ ቅስትና መስመር ብቻ ሆነ። በ1914 አባቱ ታመው ሊጠይቅ አገሩ እንደገባ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፈነዳና መውጫ አጣ፤ አምስት ዓመት እዚያው ቆየ። በ1917 ከቴዎ ቫን ዱስበርግና ከሌሎች ጓደኞቹ ጋር ደ ስታይል የተባለ መጽሔት አቋቋሙ፤ ትርጉሙ ስልት ማለት ነው። በ1919 ወደ ፓሪስ ተመለሰ።

ከ1920 እና 21 ጀምሮ የሞንድሪያን ሕግ ይህ ሆነ። መስመር አግድም ወይም ቋሚ ብቻ ይሁን። ቀለም ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ብቻ፣ ከነዚህም ጋር ነጭ፣ ጥቁርና ግራጫ። ቅስት የለም፣ ሰያፍ መስመር የለም፣ የነገር መልክ የለም። ዓለም ውስጥ ያለውን ተቃራኒ ኃይል ሁሉ፣ ማለትም የሚቆመውንና የሚተኛውን፣ የሚሮጠውንና የሚያርፈውን፣ በነዚህ ብቻ ማመዛዘን ይቻላል ብሎ ያምን ነበር። ስለ ንድፈ ሐሳቡ የጻፈውን በተመለከተ እውነቱን ለመናገር ደረቅ ነው፤ ሁለት ጊዜ አንብበን ሁለቴም ራሳችንን አሞናል። በዚህ ሕግ ግን ቀልድ አያውቅም ነበር። የቅርብ ጓደኛው ቫን ዱስበርግ ሰያፍ መስመር ይግባ ብሎ በተነሳ ጊዜ በዚሁ ሰበብ ተኳረፉና ሞንድሪያን ከማኅበሩ ወጣ። በአንድ መስመር መዝመም ምክንያት ወዳጅ ይኮረፋል እንዴ? እኛም ተገርመናል። አረንጓዴ ቀለምም አይወድም ነበር። ጓደኞቹ እንደሚተርኩት በክፍሉ የነበረችውን የሰው ሠራሽ አበባ ቅጠሏን በነጭ ቀለም ቀብቷት ነበር፤ በመስኮት ዛፍ የሚታይ እንደሆነ ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጣል።

ኑሮው የድሃ ነበር። ሚስት አላገባም፣ ልጅ አልወለደም። የሚገዛው ሲጠፋ የአበባ ሥዕል እየሠራ በመሸጥ ነበር የሚበላው። አንዲት ነገር ብቻ ያዝናናዋል፤ ጭፈራ። ጃዝ በሚመታበት ሁሉ እየሄደ ይጨፍራል፤ የዳንስ ትምህርት ቤትም ገብቶ ተምሯል። ይህን ያዙልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በ1937 ሂትለር የሚመራው የጀርመን ፋሽስት መንግሥት ሙኒክ ላይ የወደቀ ጥበብ ያለውን ሥዕል ሁሉ ሰብስቦ ሕዝብ እንዲሳለቅበት ለትርኢት ሲያቀርብ ሁለት የሞንድሪያን ሥራዎች ከዚያ ውስጥ ነበሩ። ሰውየው መልእክቱን ገባው። በ1938 መስከረም ላይ፣ በ66 ዓመቱ፣ ከፓሪስ ወደ ሎንደን ተሰደደ። ሎንደን ውስጥ እነ ቤን ኒኮልሰንና ባርባራ ሄፕወርዝ የመሳሰሉ አርቲስቶች በሠፈራቸው ክፍል አገኙለትና ግድግዳውን ነጭ ቀባ፣ ሥራ ጀመረ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ፓሪስ በጀርመን ጦር ተያዘች፤ በ1940 መኸር ላይ ደግሞ በሎንደን ሌሊት ሌሊት ቦምብ ይዘንብ ጀመር። አንዱ ቦምብ ከቤቱ አጠገብ ወድቆ መስኮቱን አረገፈው። ከዚያ በኋላ መርከብ ላይ ወጥቶ ጥቅምት 3 ቀን 1940 ኒውዮርክ ደረሰ።

እስቲ አስቡት። ዕድሜው 68 ነው። ሳንባው ደካማ ነው። አገሩ በጠላት ተይዛለች። ንብረቱ ሥዕሎቹ ብቻ ናቸው። ሌላው ሰው ቢሆን ጥግ ይዞ ያለፈውን ሥራውን ይቆጥራል።

ኒውዮርክ የተቀበለው ሃሪ ሆልትዝማን የሚባል የ28 ዓመት ወጣት ሠዓሊ ነው። ይህ ልጅ በ22 ዓመቱ የሞንድሪያንን ሥዕል ኒውዮርክ ውስጥ አይቶ ስለነካው ሰውየውን ለማግኘት ብቻ ባሕር ተሻግሮ ፓሪስ ድረስ የሄደ ነው። አሁን ደግሞ በተራው ቤት ተከራየለት። በደረሰ በመጀመሪያው ምሽት ከአሜሪካ አዲስ የመጣ ሙዚቃ በሸክላ አሰማው፤ ቡጊ ዉጊ ይባላል። ሽማግሌው ከመጠን በላይ ደስ እንዳለው ሆልትዝማን ሲያስታውስ ኖሯል።

ቡጊ ዉጊ ምን እንደሆነ ለማታውቁ፣ የጥቁር አሜሪካውያን የፒያኖ ሙዚቃ ነው። ግራ እጅ አንድ ዓይነት ምት እያከታተለ ሳያቋርጥ ይመታል፤ ቀኝ እጅ በዚያ ላይ እንደፈለገው ይፈነጫል፣ ይሰብራል፣ ይመልሳል። አልበርት አመንስ፣ ሚድ ለክስ ልዊስና ፒት ጆንሰን የተባሉት ፒያኖ ተጫዋቾች በ1938 ዓ.ም. መጨረሻ ኒውዮርክ ካርኔጊ አዳራሽ ከተጫወቱ ወዲህ ከተማውን አናውጦት ነበር። ዜማው ጥቂት ነው፣ ምቱ ግን ብዙ ነው። ሞንድሪያን ወዲያው የገባው ይህ ይመስለናል፤ እሱ ሥዕል ላይ ያደረገውን እነሱ ፒያኖ ላይ አድርገውታል፤ ልዩነቱ የእነሱ ይጨፍራል፣ የእሱ ቆሟል።

በመጀመሪያ ያደረገው ነገር ያለቁ የሚመስሉትን የፓሪስና የሎንደን ሥዕሎች እንደገና መክፈት ነው። አሥራ ሰባት ያህል ሥራዎች አምጥቶ ነበር። በነዚህ ላይ በጥቁር መስመር ያልታጠሩ ትንንሽ ቀይና ሰማያዊ ቁራጮችን ጨመረባቸው። ከሥዕሎቹም ላይ ሁለት ዓመተ ምሕረት ጻፈ፤ አንዱ በአውሮፓ የተጀመሩበት፣ ሁለተኛው በአሜሪካ የተጨረሱበት። ለምሳሌ በሎንደን አደባባይ ስም ትራፋልጋር የተባለው ሥዕል 39 እና 43 የሚል አለበት። በ1942 ጥር ላይ በኒውዮርክ የዱደንሲንግ ጋለሪ የብቻውን ትርኢት አሳየ። ለብቻው ትርኢት ሲያቀርብ በሕይወቱ የመጀመሪያው ነበር፤ ሰባ ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ቀርቶታል።

ሁለተኛው ነገር ፕላስተር ነው። አዎ፣ እኛ ማኒላ ግድግዳ ላይ የምንለጥፍበት ዓይነት፣ ነገር ግን ባለቀለም። ኒውዮርክ ውስጥ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ የሆነ የሚለጠፍ ወረቀት በጥቅል ይሸጥ ነበር። በፊት አንድ መስመር ለማዛወር ቀለሙን ፍቆ፣ ነጭ ቀብቶ፣ እስኪደርቅ ጠብቆ እንደገና መቀባት ነበረበት። አሁን ግን ፕላስተሩን ከሸራው ላይ ይላጠዋል፣ ሁለት ጣት ወደ ቀኝ ይወስደዋል፣ ራቅ ብሎ ያያል፣ ካልጣመው እንደገና ይላጠዋል። ከመካከላችን የማስተማሪያ መርጃ መሣሪያ የሠራ ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ ሙጫ ከመቀባትህ በፊት ቁራጩን ወዲያ ወዲህ ታደርገዋለህ። እኛ ያንን ከሰዓት ያጣነው ፕላስተሩን ሳይሆን ትዕግሥቱን ነው።

ከፕላስተሩ ጋር አንድ ትልቅ ነገር ወጣ። ጥቁሩ መስመር ጠፋ። ሃያ ዓመት ሙሉ ስሙን ያስጠራው፣ ሰው ሁሉ ሞንድሪያን ነው ብሎ የሚለይበት ጥቁር መስመር! ኒውዮርክ ሲቲ በተባለው ሥዕል መስመሮቹ ራሳቸው ቢጫ፣ ቀይና ሰማያዊ ሆነው አንዱ በአንዱ ላይ እንደ ሽመና ይተላለፋሉ። እኛ እንደምናስበው ይህ ለአንድ ሽማግሌ ቀላል አይደለም። ሰው በዕድሜው ሙሉ የሠራውን ቤት በሰባ ዓመቱ ምሰሶውን ሲነቅል ሊወድቅበት ይችላል። ለአንድ የሠዓሊ ጓደኛው እንዳጫወተውም፣ ሥዕል እንዲበዛለት አይፈልግም ነበር፤ የሚፈልገው ነገሩን ማወቅ ነው።

ከዚያ ብሮድዌይ ቡጊ ዉጊ መጣ፤ በ1942 ተጀምሮ በ1943 ያለቀ፣ በሁለቱም በኩል 127 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሸራ። ቢጫ መስመሮች እንደ ኒውዮርክ መንገዶች ይሻገራሉ፤ በመስመሮቹ ውስጥ ትንንሽ ቀይ፣ ሰማያዊና ግራጫ ካሬዎች ተሰክተዋል። ሲያዩት ዓይን አያርፍም፤ ከካሬ ወደ ካሬ ይዘላል፣ እንደ መኪና መብራት፣ እንደ ግራ እጁ ምት። አንዲት ነገር ግን ሳንናገር አናልፍም። የኒውዮርክ መንገዶች አብዛኞቹ ቀጥ ብለው ይሻገራሉ፤ ብሮድዌይ ራሱ ግን ሰያፍ ነው፣ ከተማውን አጋድሞ ነው የሚያቋርጠው። ሰውየው በሰያፍ መስመር ወዳጁን ያህል አጥቶ መጨረሻ ላይ ትልቁን ሥዕሉን በሰያፍ መንገድ ስም ጠራው። ሥዕሉ ውስጥ ግን ሰያፍ አንድም የለም። ይህን ሥራ ማሪያ ማርቲንስ የተባለች ብራዚላዊት ቀራፂ በ800 ዶላር ገዝታ ለኒውዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም አበረከተችው።

ሽማግሌው በራሱ ሥራ ብቻ የተጠመደ አልነበረም። በ1943 ፔጊ ጉገንሃይም ጋለሪ ውስጥ ለወጣቶች ትርኢት ከሚመርጡት ዳኞች አንዱ ነበር። እመቤቲቱ የአንድ ያልታወቀ ወጣት ሥዕል አይታ የተዘበራረቀ ነው ብላ ልታልፈው ስትል ሞንድሪያን ከሥዕሉ ፊት ቆሞ አልነቃነቅ አለ። አሜሪካ ውስጥ እስካሁን ካየው ሁሉ የሚያስደንቅ ይህ እንደሆነ ነገራት። ወጣቱ ጃክሰን ፖሎክ ነበር። የፖሎክ ሥዕል የተጠማዘዘና የተወረወረ መስመር ነው፤ የሞንድሪያንን ሕግ አንዱንም አያከብርም። በገዛ ጓደኛው ላይ ሰያፍ መስመርን ያልማረ ሰው ይህን ልጅ እንዴት ሊያይ ቻለ? ተከራክረንበት አልተስማማንም። አንዳንዶቻችን አርጅቶ ለዘበ ይላሉ፤ ሌሎቻችን ደግሞ በዚያ ጊዜ እሱም እንደ ወጣቱ ፈላጊ ስለነበር ነው እንላለን።

የመጨረሻው ሥራው ቪክትሪ ቡጊ ዉጊ ነው። ቪክትሪ ማለት ድል ነው፤ ጦርነቱ ገና አላለቀም፣ አገሩም ነጻ አልወጣችም፣ እሱ ግን ድሉን ይጠብቅ ነበር። ሸራው 127 በ127 ሆኖ በማዕዘኑ የቆመ ነው። በ1942 ጀምሮት ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ሠራበት። በ1943 ጥቅምት አዲስ ቤት ገባ፤ በዚያ ቤት መቀመጫውንና ጠረጴዛውን ከዕቃ ሳጥን ጣውላ ራሱ አበጅቶ ነጭ ቀባቸው፣ ግድግዳው ላይ ባለቀለም የካርቶን አራት ማዕዘኖች በምስማር እየመታ ቤቱን ራሱን ሥዕል አደረገው። በ1944 ጥር ወር መካከል ላይ ቪክትሪን ያዩ ጓደኞቹ አለቀ ብለው ተደስተው ነበር። እሱ ግን አላመነበትም። በዚያው ሳምንት ያለቀውን ሥዕል በትንንሽ የፕላስተርና የወረቀት ቁራጮች ይሸፍነው፣ ያነሳው፣ እንደገና ይለጥፍበት ጀመር። ቀንና ሌሊት ሳይል ሠራ። ብርድ መታው፤ ሳንባ ምች ሆነ። ጓደኞቹ ሆስፒታል አስገቡት። የካቲት 1 ቀን 1944 በ71 ዓመቱ አረፈ። የተቀበረው ብሩክሊን ውስጥ ነው።

ያ በጥድፊያ የተለጠፈው ቁራጭ ሥዕሉን አሻሽሎታል ወይስ አበላሽቶታል? የቀድሞውን ያዩት አንዳንድ ወዳጆቹ በጣም አዝነዋል። እኛ የቀድሞውን ለማየት አንችልም። በቅጂ ያየነው ግን ከፊሉ ቀለም፣ ከፊሉ ወረቀት፣ ከፊሉ ገና ያልተወሰነ ሆኖ ሰውየው ለአፍታ ወጣ ብሎ የሚመለስ ያስመስለዋል። ሆላንድ ይህን ያላለቀ ሥዕል በ1998 በ80 ሚሊዮን ጊልደር ገዝታ ሄግ ከተማ ካለው ሙዚየም አስቀመጠችው። በአገሩ ውስጥ ለፕላስተር ይህን ያህል ገንዘብ ይወጣል ወይ የሚል ከባድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። አበባ እየሸጠ የኖረ ሰው ይህን ሒሳብ ቢሰማ ምን ይል ነበር!

ከሞተ በኋላ ወራሹ ሆልትዝማን ቤቱን ወዲያው አላፈረሰም። በ1944 ጸደይ ላይ ለስድስት ሳምንት ክፍት አድርጎት ሕዝብ እየገባ ግድግዳውን እንዲያይ አደረገ፤ ፎቶግራፍና ፊልም አስነሥቶ፣ እያንዳንዱ ካርቶን የት እንደነበረ መዝግቦ ነው ያነሳው።

አንድ የቀረ ነገር አለ። በፕላስተር ብቻ ተጀምሮ ሳያልቅ የቀረ ኒውዮርክ ሲቲ 1 የተባለ ሥራ አለ። በ1945 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ታየ፤ ከ1980 ጀምሮ የጀርመኗ ዱሰልዶርፍ ሙዚየም ንብረት ነው። በ2022 አንዲት የሙዚየሙ ባለሙያ ሥራውን ስትመረምር መስመሮቹ የሚጠጋጉት ከታች መሆኑ አጠራጠራት፤ ፓሪስ ባለው እህት ሥዕሉ ላይ የሚጠጋጉት ከላይ ነውና። ሞንድሪያን በሞተበት ዓመት ቤቱ ውስጥ የተነሣ ፎቶግራፍም ተገኘ፤ በዚያ ላይ ሥዕሉ የቆመው በሌላው በኩል ነው። ስለዚህ ሥዕሉ ከሰባ ዓመት በላይ ተዘቅዝቆ ሳይሰቀል አልቀረም ተባለ። ታዲያ ለምን አልተገለበጠም ትሉ ይሆናል። ፕላስተሩ አርጅቷል፤ የያዘው በክር ያህል ነው። ቢያገላብጡት ክብደቱ ወደ ሌላ ዞሮ ይረግፋል ተብሎ ተፈራ። እንዳለ እንዲቆይ ተወሰነ።

ይህን ካነበብን በኋላ ወደ ክፍላችን ሄደን መምህሩ የሰቀሉትን ቅጂ አየነው። ስሙ ከታች በኩል ስለታተመበት ቀና ብሎ መሰቀሉን አረጋግጠናል።